ፋይብሮማያልጂያ ይዞ ጅማ ላይ መኖር፦ ከካርድ ክፍል እስከ እድር፣ ደረጃ በደረጃ

ይሄ ጽሁፍ "መላ ሰውነቴን ያመኛል" እያሉ ከአንዱ ክሊኒክ ወደ አንዱ ሲመላለሱ ከርመው "ምንም የለብሽም፣ ጭንቀት ነው" ተብለው ለተመለሱ ሰዎች ነው። እኔም በሽታው አለብኝ፣ ምኖረውም እዚሁ ጅማ ነው፣ ስለዚ ምክሩ ሁሉ ምጣድና ጭቃ፣ እድርና ቡና ባለበት ኑሮ ውስጥ ሚሠራ እንዲሆን ነው የሞከርኩት። አብዛኛው በሽተኛ ሴት ስለሆነች አንቺ እያልኩ ልቀጥል፣ ወንዶች አትቀየሙኝ፣ እናንተንም ይይዛል፣ እንደውም ወንድ ሲታመም "ወገቤን ነው" ብሎ ያልፈውና ሳይመረመር ይኖራል።

በሽታው ምን እንደሆነ ቶሎ ልበልና ወደ ሥራው እንግባ። ፋይብሮማያልጂያ ማለት ከ3 ወር በላይ የቆየ፣ ብዙ ቦታ የተበተነ ህመም ነው፣ ከሱ ጋር ድካም አለ፣ ሌሊቱን ተኝተሽ እንዳልተኛ ሰው ሆነሽ መነሳት አለ፣ መርሳትና ጭንቅላት መደንዘዝ አለ፣ ብዙዎቻችን ላይ ደግሞ ራስ ምታትና የሆድ ቁርጠት ይጨመራል። መገጣጠሚያ አይበላም፣ ሽባ አያደርግም፣ አይተላለፍም። ችግሩ ያለው ህመምን ተቀብሎ ሚተረጉመው የነርቭ ስርዓት ላይ ነው፣ አእምሮና ህብለ ሰረሰር ላይ ማለት ነው። ለጅብ እንዲጮህ ያሳደግሽው ውሻ ለድመቷም ለወደቀ ቅጠልም ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ አስቢው፣ ጩኸቱ የእውነት ጩኸት ነው፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ጅቡ ግን ግቢ ውስጥ የለም። ራጅ ብትነሺ ኤምአርአይ ብትነሺ ንጹህ ሚሆነው ለዚህ ነው። በአለም ላይ ከ100 ሰው ከ2 እስከ 4 የሚሆነው ይሄ በሽታ አለበት ተብሎ ይገመታል፣ ስለዚ አንቺ ብቻ አይደለሽም፣ ሰፈርሽ ውስጥ "ብርድ ነው" "ሪህ ነው" "ነርቭ ነው" እየተባሉ የሚኖሩት ሴቶች መሃል ይኖራሉ።

ደረጃ 1፦ ሐኪም ጋ ከመሄድሽ በፊት ደብተር ያዢ

ሐኪሙ ለአንቺ ያለው ጊዜ አጭር ነው፣ ወረፋው ደግሞ ረጅም ነው፣ ስለዚ ተዘጋጅተሽ ግቢ። አንድ የተማሪ ደብተር ግዢና ለ2 ሳምንት ማታ ማታ ሦስት ነገር ጻፊ፣ የት የት እንዳመመሽ፣ ጠዋት ስትነሺ ድካሙ እንዴት እንደነበር፣ ምን ረሳሽ ወይም ምን ግራ ገባሽ። ህመሙን ስትጽፊ "ሁሉም ቦታ" አትበዪ፣ ሐኪሞቹ ሚቆጥሯቸው 19 ቦታዎች አሉ፦ መንጋጋ፣ ትከሻ፣ የላይኛው ክንድ፣ የታችኛው ክንድ፣ ዳሌ፣ ጭንና ባት በግራና በቀኝ 14 ይሆናሉ፣ ከዛ አንገት፣ የላይኛው ጀርባ፣ ወገብ፣ ደረትና ሆድ 5። ባለፉት 7 ቀናት ያመመሽን ቁጠሪ።

ከዛ ሁለተኛ ውጤት አለ። ድካም፣ ሳይታደሱ መነሳት፣ መርሳት፣ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 3 ይሰጣቸዋል፣ ባለፉት 6 ወራት ራስ ምታት ከነበረሽ 1፣ የታችኛው ሆድ ህመም 1፣ ድብርት 1፣ በጠቅላላው ከ12። በፈረንጆቹ 2016 በተሻሻለው መስፈርት መሰረት ህመሙ ከ5ቱ የሰውነት ክፍሎች ቢያንስ 4ቱ ላይ (ከወገብ በላይ ግራና ቀኝ፣ ከወገብ በታች ግራና ቀኝ፣ መሃል አካል) ኖሮ፣ 3 ወር ከሞላው፣ ከ19ኙ 7 እና ከዛ በላይ ከ12ቱ ደግሞ 5 እና ከዛ በላይ ካገኘሽ፣ ወይም ከ19ኙ ከ4 እስከ 6 ሆኖ ከ12ቱ 9 እና ከዛ በላይ ከሆነ፣ ፋይብሮማያልጂያ ነው ለማለት ይበቃል። የ1990 መስፈርት 18 ቦታ በጣት ተጭኖ 11ዱ ካመመ ይል ነበር፣ አሁንም አንዳንድ ሐኪም ይጫንሻል፣ ቢጫንሽ አትገረሚ። ይሄን ሁሉ ምልሽ ራስሽን መርምረሽ እንድትጨርሺ አይደለም፣ ቁጥሩ የተጻፈበት ገጽ ይዘሽ ስትገቢ ግን ወሬው ከ"ደከመኝ" ይወጣና ሐኪሙም አንገቱን ቀና ያደርጋል።

ደረጃ 2፦ ምርመራው፣ ብር ሳታባክኚ

የማህበረሰብ ጤና መድን ካለሽ ከጤና ጣቢያ ጀምሪ፣ ሪፈር ይዘሽ ካልሄድሽ መድኑ ላይሸፍንልሽ ይችላል። ከዛ ሪፈሩ ብዙ ጊዜ ሚወስድሽ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ህክምና ማዕከል ነው። ሩማቶሎጂስት (የመገጣጠሚያና የጡንቻ ህመም ስፔሻሊስት) አገሪቱ ላይ በጣም ጥቂት ስለሆኑ እሱን ፍለጋ አትንከራተቺ፣ የውስጥ ደዌ ሐኪም በደንብ ይበቃሻል።

ፋይብሮማያልጂያን ሚያሳይ የደም ምርመራ የለም። ደም ሚታየው ሌላ ነገር አለመሆኑን ለማረጋገጥ ነው፣ ስለዚ ሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፦ ሲቢሲ ለደም ማነስ፣ ኢኤስአር ለብግነት (ሰውነት ውስጥ መቆጣትና ማበጥ)፣ ቲኤስኤች ለታይሮይድ (ታይሮይድ ሲያንስ ድካሙም ቁርጥማቱም ቁርጥ ይሄን ይመስላል)፣ ስኳር፣ ኩላሊትና ጉበት፣ ኤችአይቪ። ቤትሽ ከብት ካለ ወይም ያልፈላ ወተት ምትጠጪ ከሆነ፣ በዛ ላይ ማላብና ትኩሳት ካለ፣ ብሩሴሎሲስ ይታይልኝ በዪ፣ ከገጠር ለመጡ ዘመዶቻችን ይሄ ጥያቄ በጣም ይጠቅማል።

አሁን ስለ ታይፎይድና ታይፈስ ሁላችንም ምናውቀውን ልናገር። ቆረጠመኝ ስትዪ ዊዳልና ዌል ፌሊክስ ይታዘዛል፣ ሁለቱም ምርመራዎች ድሮ የነበረ ኢንፌክሽን ወይም ጭራሽ ሌላ ነገር ቢኖር ፖዘቲቭ ሊሉ ይችላሉ፣ ስለዚ ትኩሳት ሳይኖርሽ በየጊዜው "ታይፎይድሽ ተነስቷል" እየተባልሽ አንቲባዮቲክ ምትውጪ ከሆነ፣ ጨርሰሽውም ህመሙ እዛው ከሆነ፣ ቆም በዪና "ሌላ ነገር ሊሆን አይችልም ወይ" ብለሽ ጠይቂ። መጠየቅ ብልግና አይደለም።

ውጤቱ ሁሉ ደህና ከሆነ ደስ ይበልሽ እንጂ "ስለዚ ውሸቴን ነው ማለት ነው" ብለሽ እንዳታለቅሺ፣ የዚህ በሽታ ውጤት ደህና ነው ሚመጣው። ወረቀቶቹን በአንድ ፕላስቲክ ውስጥ አስቀምጪ፣ ሌላ ቦታ ስትሄጂ እንደገና እንዳያስጀምሩሽ።

ግን እነዚህን ካየሽ ፋይብሮማያልጂያ ነው ብለሽ አትተኚ፣ ቶሎ ታዪ፦ መገጣጠሚያ አብጦ ከሞቀ፣ ሌሊት ልብስ ሚያረጥብ ላብ ካለ፣ ሳታስቢው ከከሳሽ፣ ትኩሳት ከቆየ፣ እጅ ወይም እግር ጉልበት ካጣ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተሽ፣ ደረትሽን ጨምድዶ ከያዘሽ፣ ወይም አንድ ቦታ ብቻ ለይቶ ሌሊት ሌሊት ሚብስ የአከርካሪ ህመም ካለ። በሽታው አለብሽ ማለት ቲቢና ልብ አይነካሽም ማለት አይደለም።

ደረጃ 3፦ በልክ መሥራት (ይሄን ዝለይና ሌላው ሁሉ አይሠራም)

የሁሉም ነገር ቁልፉ እዚህ ጋ ነው፣ እኔ አምኜበት ምናገረው ነገር ካለ ይሄ ነው፦ ምትወድቂው በደህናሽ ቀን ነው። ጠዋት ተነስተሽ "ዛሬስ ተሽሎኛል ተመስገን፣ አልሐምዱሊላህ" ትያለሽ፣ ከዛ የተጠራቀመውን ልብስ ታጥቢያለሽ፣ ቤት ትወለውያለሽ፣ እግረ መንገድሽን መርካቶ ትወርጃለሽ፣ ማታ ሰው ነሽ፣ በነጋታው ግን ከአልጋ አትነሺም፣ ያ ደግሞ 2 ቀን 3 ቀን ይወስድሻል፣ ሲሻልሽ ደግሞ የቀረውን ለማካካስ እንደገና ትጀምሪያለሽ። እንደዚ ስትይ ወሩ ያልቃል፣ ቤተሰብሽ ደግሞ "ትላንት ደህና አልነበረች እንዴ" ይላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለአንድ ሳምንት አንድ ሥራ ስትጀምሪ ሰዓት እዪ፣ ህመሙ ከፍ ማለት ሚጀምረው ስንት ደቂቃ ላይ እንደሆነ ጻፊ። ቆመሽ ምትሠሪው ሥራ 15 ደቂቃ ላይ ሚጀምርሽ ከሆነ በ12 ላይ አቁሚ፣ ባያምሽም አቁሚ፣ ዋናው ነገር ይሄ "ባያምሽም" የሚለው ነው። የስልክሽን አላርም ሙዪና ሲጮህ ቁጭ በዪ ወይ ጋደም በዪ፣ ከዛ ሥራ ቀይሪ። በደህናም ቀን በመጥፎም ቀን ልኩ አንድ ነው፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ሳያምሽ ከሄደ ትንሽ ጨምሪ።

ምሳሌ ልስጥ፣ ከሁሉ የከበደው እንጀራ ነው። ሊጥ ማቡካትና መጋገር አንድ ቀን ላይ አይውሉም። ሊጡን ልጅ ወይ ባል ያቡካ፣ እጅና ትከሻ ሚፈልገው እሱ ነውና። ምጣዱ መሬት ላይ ከሆነ ጎንበስ ቀና ማለቱ ወገብሽን ይጨርሰዋል፣ ቁጭ ብለሽ ክንድሽ ሳይነሳ ሚደርስበት ጠረጴዛ ላይ አውጪው። ከዛ በ5 በ6 እንጀራ አቁመሽ ጀርባሽን ግድግዳ ላይ አስደግፊ። ትልቁ ጠላት መብራት ነው፣ "ሳይጠፋ ልጨርስ" እያልሽ 30 እንጀራ በአንድ ትንፋሽ ትጋግሪና ለ3 ቀን ትተኚያለሽ፣ እኔ ብትጠይቂኝ መብራት ጠፍቶ ቀሪው ሊጥ ለነገ ቢያድር ይሻላል፣ ወይ ግማሹን ሳምንት ከሰፈር እንጀራ ሻጭ ግዢ፣ እንጀራ መግዛት ነውር የሚሆንበት ጊዜ አልፏል።

የጅማ በርጩማችንን ሁላችንም እንወዳለን፣ ከአንድ ግንድ ተጠርቦ ሚያምር ነገር ነው፣ ግን ዝቅ ያለ ስለሆነና መደገፊያ ስለሌለው ቡና እስኪፈላ አንድ ሰዓት ተቀምጠሽበት ስትነሺ ዳሌና ጉልበትሽ ይጮሃል። ከፍ ያለ ወንበር ለራስሽ ለዪ፣ ወይ በርጩማውን ግድግዳ ጋ አስጠግተሽ ትራስ ደርቢበት። ቡና መውቀጥ ለሌላ ሰው ይሁን ወይም አስፈጪው፣ ዘነዘና ለትከሻና ለእጅ አንጓ በጣም መጥፎ ነው። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን አታንሺ፣ በ5 በ5 ሊትር ቀድተሽ በሁለት እጅሽ አመጣጥነሽ ያዢ። ልብስ በአንድ ቀን ሁሉንም አትጠቢ፣ ብርድ ልብስና ጋቢ ደግሞ ጭራሽ የአንቺ ሥራ አይደለም።

ደረጃ 4፦ እንቅስቃሴ

በፈረንጆቹ 2017 የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማህበር ያወጣው ምክር ላይ ያለ ማመንታት "ይሠራል" የተባለው አንድ ነገር እንቅስቃሴ ነው፣ ኪኒኖቹ እንኳን ያን ያህል ድጋፍ አላገኙም። ችግሩ መጀመሪያ ሰሞን ያማል፣ ሰውም "እየጎዳኝ ነው" ብሎ ያቆማል። ስለዚ በጣም ከትንሹ ጀምሪ፣ 5 ደቂቃ ጠፍጣፋ መንገድ ላይ መሄድ፣ በቀን አንዴ፣ በሳምንት ወደ 1 ደቂቃ ገደማ እየጨመርሽ፣ ግቡ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በሳምንት 2 ወይ 3 ጊዜ ነው፣ እሱ ላይ ለመድረስ ወራት ቢወስድ ችግር የለውም። መለኪያው ይሄ ነው፣ እየሄድሽ ማውራት መቻል አለብሽ፣ የጨመረው ህመምም በማግስቱ ወደነበረበት መመለስ አለበት፣ ካልተመለሰ ያለፈው ሳምንት ልክ ላይ ተመለሺ።

ወደ ጅሬን ሽቅብ መውጣት ለጀማሪ አይሆንም፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግስትን ለማየት ካማረሽ በመኪና ውጪና እዛ ዞር ዞር በዪ። ክረምት ላይ ጅማ ምን እንደሆነች ታውቂያለሽ፣ ዝናቡ አያባራም፣ ጭቃው ላይ ላለመንሸራተት ሰውነትሽን ስትወጥሪ ደግሞ ህመሙ ይብሳል፣ ስለዚ ቤት ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ መሄድ፣ ወይም ሬዲዮ ከፍተሽ ወንበር ይዘሽ መነሳት መቀመጥ በቂ ነው። ጠዋት የደረቀው ሰውነት እንዲፈታ በሞቀ ውኃ ታጠቢ፣ ከዛ አንገት ትከሻና ባትሽን ቀስ ብለሽ አፍታቺ፣ ሳትጎትቺ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ካገኘሽ አንድ ሁለት ቀጠሮ ይበቃል፣ እንቅስቃሴውን ተማሪና ቤትሽ ሥሪው።

ወጌሻ ጋ መሄድ ሚያምርሽ ከሆነ ቀስ ብሎ በቅባት ማሸት ችግር የለውም፣ መጎተትና "ማስገባት" ግን አይሆንም፣ የወለቀ ነገር ስለሌለ።

ደረጃ 5፦ እንቅልፍ

በፈረንጆቹ 1975 ሞልዶፍስኪ የሚባል የካናዳ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ጤነኛ ሰዎችን ጥልቅ እንቅልፍ እየነሳ ሲያያቸው ሰውነታቸው እንደኛ መቆርጠም ጀመረ፣ ስለዚ እንቅልፍ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም፣ ህመሙን ራሱን ሚሠራው አንዱ ነገር ነው።

ቡና አገር ላይ ቁጭ ብዬ ቡና አትጠጪ ብል ማንም አይሰማኝም፣ እኔም ራሴ አልሰማም። ግን ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ በአማካይ ወደ 5 ሰዓት ይፈጃል፣ ስለዚ የጠዋቱን አቦል ጠጪ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ጎረቤት ስትጠራሽ ሂጂ፣ ጨዋታው ላይ ተቀመጪ፣ ፈንዲሻውን ብዪ፣ ስኒውን ግን እለፊ። "ሐኪም ከልክሎኛል" በዪ፣ "አልፈልግም" ካልሽ ይቀየሙሻል። ጫቱ ደግሞ የባሰ ነው፣ ከሰዓት ተቅሞ ምርቃናው ላይ ህመሙ የጠፋ ይመስላል፣ ያንን አምነሽ ከልክሽ በላይ ትሠሪያለሽ፣ ሌሊቱ ያለ እንቅልፍ ያልፋል፣ በነጋታው ህመሙም ድብርቱም ተደምረው ይመጣሉ፣ ለጨብሲ ተብሎ ሚጠጣው ደግሞ የቀረውን እንቅልፍ ይበጣጥሰዋል። በአንዴ ማቆም ካቃተሽ ቀኑንና መጠኑን ቀንሺ።

ሌላው ቀላል ነው፣ ተመሳሳይ ሰዓት ተነሺ፣ ቀን ላይ ብትተኚ ከ20 ደቂቃ አይለፍ፣ ስልኩን ከትራስሽ ስር አውጪው። ባልሽ ወይ ሚስትህ "ታንኮራፊያለሽ፣ ትንፋሽሽ ይቋረጣል" ካሉ ለሐኪም ንገሪ፣ እሱ ሌላ በሽታ ነው፣ መታከምም ይችላል።

ደረጃ 6፦ መድኃኒት

መጀመሪያ ማይሠራውን። ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ለብግነት ነው ሚሠሩት፣ እዚህ ብግነት የለም፣ ስለዚ በየሳምንቱ ፋርማሲ እየሄድሽ ምትወጊው መርፌ ትርፉ ጨጓራሽንና ኩላሊትሽን መጉዳት ነው። ፕሪድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን ደግሞ ከነጭራሹ አይነኩም። ትራማዶል አንዳንዴ በሐኪም ይታዘዛል፣ ግን ሱስ ያስይዛል፣ ከጎረቤት እየተበደሩ ሚወስዱት ነገር አይደለም።

እኛ አገር በቀላሉ ሚገኘውና ርካሹ አሚትሪፕቲሊን ነው። የድብርት መድኃኒት ነው ብለው ያስፈራሩሻል፣ እዚህ ሚሰጠው ለድብርት ከሚሰጠው በጣም ባነሰ መጠን ነው፣ ብዙ ጊዜ 10 ሚሊግራም ወይም የ25ቱ ኪኒን ግማሽ፣ ከመኝታ 2 ሰዓት ገደማ በፊት። አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ጠዋት ጠዋት ይጫጫንሻል፣ ክብደት ሊጨምር ይችላል፣ መጫጫኑ ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ይቀላል፣ ጥቅሙ ደግሞ ሳምንታት ይፈልጋል፣ ስለዚ በ4ኛው ቀን "አልሠራልኝም" ብለሽ አትጣዪው። የልብ ችግር፣ ግላኮማ (የዓይን ግፊት)፣ ሽንት አልወጣ ማለት ካለብሽ ወይም እርጉዝ ከሆንሽ አስቀድመሽ ተናገሪ፣ ትራማዶል ወይም ፍሉኦክሴቲን ምትወስጂ ከሆነም ተናገሪ፣ ጫት ምትቅሚም ከሆነ ሳታፍሪ ተናገሪ፣ ልብ ምት ላይ አብረው ጥሩ አይደሉም። ድንገት አታቁሚው፣ ልጅ ማይደርስበት ቦታም አስቀምጪው፣ ለህጻን አደገኛ ነው። ዱሎክሴቲንና ፕሪጋባሊን ሌሎቹ ናቸው፣ ይወደዳሉ፣ ሁሌም አይገኙም። አንዱም ቢሆን ህመሙን ነቅሎ አይጥለውም፣ ከ10 ላይ 7 የነበረው 5 ከሆነና መተኛት ከቻልሽ ሠርቷል ማለት ነው።

ረመዳን ላይ ብዙ ሰው መድኃኒቱን ያቋርጣል፣ አሚትሪፕቲሊን ግን ማታ ሚወሰድ ስለሆነ ከኢፍጣር በኋላ ይገባል፣ ጾሙን አይነካም።

ጸበልም ዱዓም ሚያጽናናሽ ከሆነ ሂጂ፣ እኔ አልከለክልም፣ ኪኒኑን ጣዪ የሚልሽን ሰው ግን አትስሚ። ምንነቱን ማታውቂው ቅጠል ከኪኒን ጋር ደርበሽ አትጠጪ።

ደረጃ 7፦ ቤት፣ እድርና ሥራ

ከህመሙ በላይ ሚያደቀው ይሄኛው ነው። እግርሽ ቢሰበር ጀሶ ይታያል፣ ሰው ይጠይቅሻል፣ ብርቱካን ይዞ ይመጣል። ይሄኛው አይታይም፣ ፊትሽ ደህና ነው፣ ስለዚ "ሰነፈች" ይባላል። በዛ ላይ እኛ ስንጠየቅ "ደህና ነኝ" ማለት ለምደናል፣ ይሉኝታው ይይዘናል፣ ከዛ ለምን አልተረዱኝም ብለን እናኮርፋለን።

ባልሽን ወይም ቤት ውስጥ ቅርብ የሆነውን ሰው አንድ ቀጠሮ ላይ ይዘሽው ግቢ፣ ከሐኪሙ አፍ ሲሰማው ይለያል። ከዛ ቤት ውስጥ በቁጥር ተነጋገሩ፣ "በጣም አሞኛል" ከማለት "ዛሬ 7 ነው" በዪ፣ 7 ሲሆን እሱ ምን እንደሚሠራ ቀድማችሁ ተስማሙ፣ ልጆቹን ማን እንደሚያመጣ፣ ወጥ ማን እንደሚያሞቅ። አልጋ ላይ ያለውን ነገርም ንገሪው፣ መነካት ራሱ ሚያምሽ ቀን እንዳለ ካልነገርሽው እንደጠላሽው ነው ሚቆጥረው።

አማት ጋ ቀለል አድርጊው፦ "እማዬ፣ ሐኪም የነርቭ ህመም ነው ብሎኛል፣ ቆሜ ብዙ መሥራት ከልክሎኛል፣ እርስዎ ቡናውን ያፍሉልኝ እኔ ቁጭ ብዬ ሽሮውን ልንፋ።" ሥራ ይዘሽ ስትቀርቢ ስንፍና ሚለው ቃል ቦታ ያጣል።

እድሩ ዋናው ነው። ለቅሶ ቤት ውኃ ማመላለስ፣ በትልቅ ድስት ማማሰል፣ እስከ ሰልስት ምንጣፍ ላይ መቀመጥ፣ መቅረት ደግሞ ቅጣትም ሐሜትም አለው። ሞት ከመምጣቱ በፊት፣ በሰላሙ ጊዜ ሂጂና ሰብሳቢውን አናግሪ፦

"ጋሼ፣ የሐኪም ወረቀት ይዤ ነው የመጣሁት። ወጥ ቤትና ውኃ ላይ አልችልም። የመዋጮውን መዝገብ ልያዝ፣ ወይ ሽንኩርት ቁጭ ብዬ ልላጥ።"

"እኛ መች ጠላን፣ ግን ሌሎቹ 'ለምን እሷ ተለየች' ይላሉ።"

"ለዛ ነው ስብሰባ ላይ እርስዎ እንዲናገሩልኝ የፈለኩት፣ እኔ ብናገር ሰበብ ይመስላል።"

ይሄን ማድረግ ከባድ ነው፣ ግን በየለቅሶው ከማሳበብ ይቀላል። ለቅሶ ቤት ስትሄጂም ሰው ሚበዛበትን ሰዓት ትተሽ ሂጂ፣ ግማሽ ሰዓት ወንበር ላይ ተቀመጪ፣ ውጪ፣ ነገ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ተመለሺ። ሦስት ጊዜ የታየሽ ሰው ሙሉ ቀን ከተቀመጠች ሴት አታንሺም።

ቤተክርስቲያን ረጅም ቅዳሴ ላይ መቋሚያ ተደገፊ፣ ሲደክምሽ ተቀመጪ፣ ስግደቱን በተመለከተ ንስሐ አባትሽን አማክሪ፣ ለታመመ ሰው ይቀነሳል። ሶላትም ለታመመ ሰው ተቀምጦ ይሰገዳል፣ ተራዊህ ላይ ወንበር ይዘሽ ብትገቢ ማንም አይከለክልሽም።

ተቀጥረሽ ምትሠሪ ከሆነ ለአለቃሽ በሽታውን ከነታሪኩ መተረክ የለብሽም፣ ሚያስፈልግሽን ብቻ ጠይቂ፣ ለምሳሌ በየ40 ደቂቃው መነሳት ወይም ከመቆም ይልቅ መቀመጥ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከሆንሽ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሰረት በሐኪም ማስረጃ የህመም ፈቃድ አለሽ፣ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር፣ የመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጥሎ 2 ወር ግማሽ፣ የመጨረሻው 3 ወር ያለ ክፍያ። መርሳቱን በተመለከተ ጭንቅላትሽን አትመኚው፣ ሁሉንም ስልክሽ ላይ ጻፊ፣ ወጥ ጥደሽ ከኩሽና ስትወጪ አላርም ሙዪ።

ድብርቱ ሲከብድ ደግሞ፣ ምንም ነገር ደስ ማይልሽ ሆኖ 2 ሳምንት ከቆየ ወይም "ብሞት ይሻለኛል" ሚል ሃሳብ ከመጣ፣ ለአንድ ሰው በዛው ቀን ንገሪና ሳይካትሪ ክፍል ሂጂ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ህክምና ማዕከል ውስጥ አለ፣ ሃሳቡ ወደ ዕቅድ ከሄደ ድንገተኛ ክፍል በየትኛውም ሰዓት። እዛ መሄድ "አበደች" ያስብላል ብለሽ አትፍሪ፣ ህመምና ድብርት አንድ መንገድ ላይ ነው ሚሄዱት፣ አንዱን ስታክሚው ሌላውም ይቀላል።

ደረጃ 8፦ ሲያገረሽ ሚወጣ ወረቀት

ህመሙ ሲያገረሽ ማሰብ አይቻልም፣ ስለዚ በደህናሽ ቀን አንድ ወረቀት ጽፈሽ የቁም ሳጥን በር ውስጠኛው ክፍል ላይ ለጥፊ። የኔ ላይ ያለው እንዲህ ነው፦ የእንቅስቃሴውን ልክ በግማሽ ቀንሺ፣ ግን ሙሉ ቀን አትተኚ፣ በየሰዓቱ ተነስተሽ ቤት ውስጥ ዙሪ። የሞቀ ውኃ በላስቲክ ጠርሙስ ሞልተሽ በፎጣ ጠቅልለሽ ትከሻሽ ላይ አድርጊ፣ ቆዳ እንዳያቃጥል። አዲስ ኪኒን አትጀምሪ፣ የነበረውንም መጠን ራስሽ አትጨምሪ። ምግብ ከእንጀራ ሻጯ፣ ወጥ ከጎረቤት፣ የሁለቱም ስልክ ቁጥር ከስር ተጽፏል። ልጆቹን ሚያመጣው ሰው ስም ተጽፏል። ባለፈው 3 ቀን ምን ሠራሽ፣ ስንት ሰዓት ተኛሽ፣ ከማን ጋር ተጣላሽ የሚሉ ሦስት ጥያቄዎች ደግሞ ለደብተሩ ናቸው፣ መልሳቸውን ትጽፊያለሽ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ካገረሸ በኋላ ገጾቹን ጎን ለጎን ስታያቸው ምን እንደሚያስነሳብሽ ራስሽ ታገኚዋለሽ።

ከ2 ሳምንት በላይ ካልለቀቀ፣ ወይም ህመሙ ከዚህ በፊት ከምታውቂው የተለየ ከሆነ፣ ደረጃ 2 ላይ ያሉትን የአደጋ ምልክቶች አንዴ ደግመሽ አንብቢና ከነደብተርሽ ሐኪም ጋ ተመለሺ።